መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም? የጂማት አልጀብራ ጥያቄዎች አሠራር



ከምርቃት በኋላ በቢዝነስ ማስተርስ ውጭ አገር ለመማር የምታስቡ አላችሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የሚቀበሉት ፈተና ጂማት ነው። ዳታ ኢንሳይትስ በተባለው ክፍሉ 20 ጥያቄዎች በ45 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ብቻ ነው። እዚያ ሒሳብ ጎበዙንም የሚያሳስቱት የመረጃ በቂነት ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄው «መልሱን አስላ» አይልም፤ «ሁለቱ መረጃዎች መልሱን ለማወቅ ይበቃሉ ወይ?» ይላል።

ምርጫዎቹ አይለወጡም፤ አስቀድመን በቃል እንያዛቸው፦

ሀ. መረጃ 1 ብቻውን ይበቃል፤ 2 ብቻውን አይበቃም።
ለ. መረጃ 2 ብቻውን ይበቃል፤ 1 ብቻውን አይበቃም።
ሐ. ለየብቻ አይበቁም፤ አንድ ላይ ይበቃሉ።
መ. እያንዳንዱ ለብቻው ይበቃል።
ሠ. አንድ ላይ ሆነውም አይበቁም።

ምሳሌ አንድ። ከሪራ የሐረና ጫካ ቡናና ማር ገዛን እንበል። የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ስንት ነው?
(1) 2 ኪሎ ቡናና 1 ኪሎ ማር 1,400 ብር ነው።
(2) 6 ኪሎ ቡናና 3 ኪሎ ማር 4,200 ብር ነው።

«ሁለት ያልታወቁ፣ ሁለት እኩልታዎች» ብሎ ሐ የሚመርጥ ይሳሳታል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረንም። መልሱ ሠ ነው። ጥያቄው ግን «4 ኪሎ ቡናና 2 ኪሎ ማር በአንድነት ስንት ነው?» ቢሆን፣ አንዱን በ2 ማባዛት ወይም ሌላውን ለ3 አካፍሎ በ2 ማባዛት 2,800 ይሰጣል፤ መልሱ መ ይሆናል። መረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ስለዚህ የተጠየቀውን ከስሌቱ በፊት እናስምርበት።

ምሳሌ ሁለት። ቀ ከዜሮ ይበልጣል?
(1) ቀ × ቀ × ቀ = −8
(2) ቀ × ቀ = 4

ከ(1) ቀ −2 ነው፤ መልሱ ቁርጥ ያለ «አይበልጥም» ነው። ቁርጥ ያለ «አይደለም» ደግሞ በቂ መልስ ነው። (2)ን ስንመረምር (1)ን እንርሳው፦ ቀ 2 ወይም −2 ሊሆን ስለሚችል አይበቃም። መልሱ ሀ ነው።

ምሳሌ ሦስት። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ኸዋሪዝሚ በባግዳድ ከጻፈው የ«አል-ጀብር» መጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል ስለ ውርስ ክፍፍል ነው። አንድ ሰው አንዲት ሚስት ትቶ ሞተ። የሚስቱ ድርሻ ስንት ብር ነው?
(1) ዕዳና ኑዛዜ ተከፍሎ 240,000 ብር ቀርቷል።
(2) ሟቹ ልጆች አሉት።

በ(1) ብቻ ድርሻዋ ሩብ ይሁን አንድ ስምንተኛ አናውቅም፤ 60,000 ወይም 30,000 ሊሆን ይችላል። በ(2) ብቻ አንድ ስምንተኛ መሆኑን እንጂ የገንዘቡን መጠን አናውቅም። ሁለቱ ሲገናኙ 30,000 ነው፤ መልሱ ሐ።

ልጆች መኖራቸውን ሳይጠይቅ ሩብ ያካፈለ ሰው የየቲሞችን ሐቅ ይወስዳል። ማስረጃው መሙላቱን አይቶ መፍረድ በፈተና ነጥብ ያስገኛል፤ በሕይወት ደግሞ የሰው መብት ይጠብቃል። በየቀኑ አምስት ጥያቄ እየሠራን ከጓደኛ ጋር «ለምን አይበቃም?» እንባባል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።