ቀጠሮው እስኪደርስ፦ የጨጓራ ካንሰር፣ ተወኩልና የጥበቃ ቀናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ጥበቃ ነው። የጨጓራ ካንሰር እንደያዘው ተነግሮት የኦፕራሲዮን ቀጠሮውን ስለሚጠብቅ ሰውና ስለ ቤተሰቡ እንነጋገራለን።

ዳምቦያ ላይ ያለ አንድ ቤት እናስብ። አባት ለወራት ሆዳቸውን ሲያማቸው ቆይቷል። ቆጮው በጎመን ቀርቦላቸው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው «ጠገብኩ» ይላሉ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባለና ከመድኃኒት ቤት እንክብል ተገዛ። አልሻል ሲል ዱራሜ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎላቸው ሆሳዕና ሄዱ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሀዲያ በወጡት በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ወደተሰየመው ሆስፒታል። ኢንዶስኮፒ ታዘዘ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነበው ደግሞ አንተ ነህ። (እህቴ፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ቃሉ ለአንቺም ነው።)

ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ቀጠሮው እስኪደርስ ያሉት ቀናት አላህ (ሱ.ወ) የሰጣችሁ አማና ናቸው። ምን እንደምናደርግባቸው አንድ በአንድ እንይ።

1. ወረቀቱ የማን ነው?

በሀገራችን የተለመደው መደበቅ ነው። «ከሰሙ ይሰበራሉ» ይባላል። ልጆች ያውቃሉ፣ አጎት ያውቃል፣ ጎረቤት ሹክ ይባላል፤ የታመሙት ሰውዬ ብቻ «ትንሽ ቁስል ነው» ይባላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን አስተውል፦ ያለባቸውን ዕዳ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከማን ጋር እንደተኳረፉ፣ ይቅርታ ሊጠይቁት የሚፈልጉት ሰው ማን እንደሆነ፣ ያለፋቸው የረመዷን ጾም ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸው እንዲከፈት የሚፈቅዱትም እሳቸው ናቸው። እውነቱን ስትወስድባቸው ይህን ሁሉ ትወስድባቸዋለህ። በዚያ ላይ የታመመ ሰው የቤቱን ዝምታ ያነባል። ሳይነገራቸው የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ያኔ ፍርሃታቸውን የሚያካፍሉት ሰው ያጣሉ።

እንዴት ይነገር? በመጀመሪያ ሐኪሙ ራሱ እንዲነግራቸው ጠይቅ፤ አንተ አጠገባቸው ሁን። ከባዱ ቃል አንተ ላይ ከወደቀ ደግሞ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ በለመዱት ቋንቋ፣ በከምባትኛም ይሁን በሀዲይኛ ንገራቸው። «አባባ፣ ውጤቱ መጥቷል። አሁን ልንገርዎ ወይስ ቆይተው መስማት ይፈልጋሉ?» ብለህ ጀምር። ፈቃዳቸውን መጠየቅ አክብሮት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አታውርድ። ከእውነቱ ጋር ተስፋውን ንገራቸው፣ ያልተነገረህን ተስፋ ግን አትፍጠር። ቢያለቅሱ «ሶብር አድርጉ» ብለህ አታቋርጣቸው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን ለአላህ አቤት ብለዋል። እንባ ሶብርን አያፈርስም።

2. ሐኪም ዘንድ መሄድ ተወኩልን አያጎድልም

ምናልባት አንድ ዘመድ «ቢላ ከነካው ይባባሳል፤ ለአላህ ተዉት» ይል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚባባሰው በመዘግየቱ ነው፤ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የመጣ ሰው ኦፕራሲዮን ተደርጎም ላይድን ይችላል፤ ጥፋቱ ግን በቢላው ይሳበባል። በጊዜ የተገኘ የጨጓራ ካንሰር ግን ተቆርጦ የመዳን ተስፋ አለው።

ሰሓባዎች «እንታከም ወይ?» ብለው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ መልሳቸው «ታከሙ» የሚል ነበር፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ ከእርጅና በቀር መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረዋል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትም ወደ ኡበይ ኢብን ከዕብ ሐኪም ልከው ሐኪሙ የደም ሥሩን ቆርጦ ተኩሶለታል። በዚያ ዘመን ኦፕራሲዮን ማለት ይኸው ነበር።

የሙስሊም ሐኪሞችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። የኮርዶባው አዝ-ዘህራዊ ከእንስሳ አንጀት በተሠራ ክር የውስጥ ቁስል መስፋትን በመጽሐፉ አስፍሯል። በአውሮፓ ደግሞ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለ ሐኪም በ1881 (እ.ኤ.አ.) ቪዬና ላይ ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት የመጀመሪያውን የተሳካ ኦፕራሲዮን አደረገ። ታካሚዋ ከወራት በኋላ በሽታው ተመልሶባት ሞተች፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። ዛሬ እንደ በሽታው ቦታና መጠን የጨጓራው ከፊል ወይም ሙሉው ይወጣል። ሙሉው ሲወጣ አንጀት ከጉሮሮ ቧንቧ ጋር ይገናኛል። «ያለ ጨጓራ ይኖራል?» አዎ፣ ይኖራል። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ዕድሜ ልክ ያስፈልጋል።

ቀጠሮው ሲርቅ ቤተሰብ ይጨነቃል። አንዳንዴ ወረፋው ረጅም ሆኖ ነው። አንዳንዴ ግን ዕጢው እንዲቀንስ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኬሞቴራፒ ታዞ ነው፤ ያኔ ጥበቃው ራሱ የሕክምናው አካል ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈህ ያዝና ሐኪሙን ጠይቅ፦
- በሽታው ወደ ሌላ ቦታ ተሰራጭቷል?
- ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው ለማዳን ነው ወይስ ስቃይን ለመቀነስ?
- ከፊሉ ነው ወይስ ሙሉው የሚወጣው?
- በፊት ወይም በኋላ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል?
- እስከ ቀጠሮው ምን ይብሉ? የትኛው መድኃኒት ይቁም?

ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለው ትውከት፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት ወይም ራስን መሳት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

3. ሁለቱ ሰዕዶች

አንተንም አባትህንም የሚያስጨንቃችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይተርፋሉ ወይስ አይተርፉም? ሁለት ሰሓባዎችን ላስታውስህ።

ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ በቀስት ቆሰሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሊጠይቋቸው በመስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉላቸው። ታከሙ፣ ተጠየቁ፣ ዱዓ ተደረገላቸው። ከዚያም ቁስሉ አገርሽቶ ሞቱ።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ደግሞ በመሰናበቻው ሐጅ ወቅት መካ ላይ ክፉኛ ታመሙ። የምሞት መሰለኝ ብለው ከሀብታቸው ሁለት ሦስተኛውን ሊሰጡ ፈለጉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ በላይ እንዳይናዘዙ ነገሯቸው፤ ሲሶውም ብዙ ነው አሏቸው። ሰዕድ ግን አልሞቱም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቃዲሲያ ጦር መሩ፤ ለአሥርተ ዓመታት ኖሩ።

ሁለቱም ከአልጋቸው ሆነው መጨረሻቸውን አያውቁም ነበር። ሕክምናው፣ ዱዓውና ወሲያው የእነሱ ድርሻ ነበር፤ ውጤቱ የአላህ ነበር። የመጀመሪያው ሰዕድ በመሞታቸው ሕክምናው ከንቱ አልሆነም። የሁለተኛው ሰዕድ ወሲያም ሞትን አልጠራባቸውም። ስለዚህ አባትህ ወሲያቸውን መጻፍ ሲፈልጉ «ክፉ አያውሩ» ብለህ አትከልክላቸው። ወረቀትና እስክርቢቶ አምጣላቸው። የማን ገንዘብ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ማን ዘንድ ገንዘብ እንዳላቸው ይጻፍ፤ ምስክር ይኑር። ዕዳው የተጻፈ ሰው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ልቡ ቀለል ይልለታል።

በሐዲስ በሆድ በሽታ የሞተ ሙእሚን ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ተነግሯል። ይህ ለታማሚው መጽናኛ ነው። «እንግዲህ ሕክምናው ለምን?» ለማለት ምክንያት አይሆንም፤ ሞትን መመኘትም አልተፈቀደልንም።

4. ሶላት በአልጋ ላይ

ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በህመማቸው ምክንያት ስለ ሶላት ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎን ተኝተው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ዒምራን ለረጅም ዓመታት የሆድ ህመምተኛ ሆነው እንደኖሩ ጽፈዋል። ታማሚዎች ሁሉ ዛሬም በዚያ ጥያቄያቸው ይጠቀማሉ።

አባትህ ጎንበስ ሲሉ የሚያማቸው ከሆነ ሩኩዕና ሱጁዱ በምልክት ይሆናል። ውሃ የሚጎዳቸው ከሆነ ተየሙም አለ። ቁስሉ በፋሻ ሲታሰር፣ ቱቦ ሲገባላቸው «ነጃሳ አለብኝ» ብለው ሶላት እንዳይተዉ ንገራቸው፤ አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም። ሶላት ስለ ማጣመርና በማደንዘዣ ሰዓት ስላለፈው ሶላት ከመግባታችሁ በፊት የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ዶክተሩ ጾም ከከለከለ መጾም የለባቸውም።

5. ለአካል የሚደረግ ዝግጅት

- ምግብ፦ ክብደታቸው እንዳይወርድ በቀን ሦስቴ ከሚከብድ ገበታ ይልቅ ስድስቴ ትንሽ ትንሽ ይቅረብላቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ የምስር ሾርባ፣ የቡላ ገንፎ ለስላሳና ጠቃሚ ናቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን ስኳር የበዛበት አጥሚት ማዞርና ልብ ምት ሊያመጣባቸው ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቅ።
- ዋግምት (ሒጃማ)፦ ሱና የሆነ ሕክምና ነው። ነገር ግን ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ በውስጥ እየደማ የደም ማነስ ያመጣል። ሐኪም ሳይፈቅድ ደም አይቀነስ።
- ጥቁር አዝሙድና ባህላዊ መድኃኒት፦ ከወሰዱ ለሐኪሙ አትደብቅ። አንዳንድ ዕፅዋት ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ።
- ሲጋራና ጫት፦ ከዛሬ ይቁሙ። የሚያጨስ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ሳንባው ይቸገራል።
- የዋዜማው ሌሊት፦ «ከአሁን በኋላ ምንም አይቅመሱ» ከተባለ ምንም ነው፤ ቡላም፣ ተምርም፣ ዘምዘምም ቢሆን። በማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ጨጓራው ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በርኅራኄ የተሰጠች አንዲት ጉርሻ ነፍስ ልታጠፋ ትችላለች።

6. የእኛ ድርሻ

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታማሚን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ እንደሆነ አስተምረውናል። ግን አጠያየቃችን ይስተካከል። «እገሌም በዚህ ነው የሞተው» የሚል ጠያቂ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል። አጠር አድርገህ ቆይ፣ ዱዓ አድርግ፣ ውጣ።

ከዚያ እጅህን ዘርጋ። ሆሳዕናም ሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሲሄዱ አልጋ የሚጠብቅ፣ ወረቀት ይዞ ከመስኮት መስኮት የሚሮጥ ወጣት ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸው መታደሱን፣ ሪፈሩ መያዙን አረጋግጥ። ደም ቢያስፈልግ ከጀማዓው ማን እንደሚሰጥ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት ይችላል። በዕድራችሁ ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤቶችም አሉ። የሚያመጡትን እርዳታ በክብር ተቀበል፤ እነሱም ሲታመሙ ቀድመህ ድረስ።

ለራስህም አስብ። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት መንስኤ መሆኑን አሳይተው በ2005 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከጨጓራ ካንሰር ዋና መንስኤዎች አንዱም ይኸው ባክቴሪያ ነው፤ የያዘው ሁሉ ግን ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ተመርምሮ በመድኃኒት ይጠፋል። አባትህ ወይም እናትህ ይህ በሽታ ከያዛቸው፣ አንተና ወንድም እህቶችህ ስለ ምርመራው ሐኪም አማክሩ። መዋጥ ካስቸገረህ፣ ያለ ምክንያት ከከሳህ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ የጨጓራ እንክብል እየገዙ ወራት ማሳለፍ ይቅር።

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ጁሙዓ ነው። በዚህ ቀን ዱዓ ተቀባይ የሆነባት ሰዓት አለች፤ ብዙ ዑለማኦች ከዐስር በኋላ ፈልጓት ብለዋል። ከዐስር በኋላ የታመመው ሰው አጠገብ ቁጭ በል። እጁን ያዝ፣ ፋቲሓ ቅራለት፣ የፈራውን ነገር ጠይቀው፣ ሲመልስ አድምጠው። ከዚያ የቀጠሮውን ቀን፣ የሪፈሩን ወረቀትና የጥያቄዎቹን ዝርዝር በአንድ ፌስታል አስቀምጥ።

አላህ ሆይ! በየሆስፒታሉ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ፈውሳቸው። የሐኪሞቹን እጅ አጽናላቸው። ለቤተሰቦቻቸው ሶብርን ስጥ። የወሰድከውን በራሕመትህ ተቀበል፤ ያቆየኸውን በጤና አቆይ። አሚን።

ይህን ማስታወሻ ቤቱ ታማሚ ላለበት ሰው አካፍሉ።