የግል ዕዳና የመንግሥት ምሥጢር

የመንግሥት ምሥጢር በአደራ የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ ጠባዩና ኑሮው ይመረመራል፤ ከሚመረመረውም አንዱ ዕዳው ነው። አበዳሪ ያስጨነቀው ሰው ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ባዕድ እንዳይሸነፍ ያሠጋልና። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ ዕዳ ቢከብደው እ.ኤ.አ. በ1985 ምሥጢር ለሶቪየት ኅብረት በ50,000 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በ1994 ተይዞ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ይሁን እንጂ ባለዕዳ ሁሉ ከዳተኛ አይደለም። በዚያው አገር በ2017 የጸናው መመሪያ፣ በሕመም፣ በፍቺ ወይም ከሥራ በመውጣት ዕዳ የገባውን፣ ነገር ግን ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ በቅንነት የሚከፍለውን ሰው ሁኔታ አመዛዝኖ ይመለከታል።

በሐርጌሳም ይህን መለየት ይገባል። በሶማሌ ልማድ «መግ» የሚባለው የደም ካሳ በጎሣው አባሎች ላይ ስለሚደለደል፣ ራሱ ያላጠፋ ሰው በዘመዱ ጥፋት ይከፍላል። እንዲህ ያለው ሸክም የአባካኝነት ምልክት ሆኖ ሊቈጠር አይገባውም።

ስለዚህ መርማሪው የዕዳውን መጠን ብቻ ሳይሆን መነሻውን ይጠይቅ፤ ሠራተኛውም ከማን፣ ስንት እንደ ተበደረና መቼ እንደሚከፍል ሳይሸሽግ ያስታውቅ። አለቃው ያወቀው ዕዳ ለማስፈራሪያ አይሆንም፤ የተሸሸገው ግን በደረሰበት ሰው ሁሉ እጅ መሣሪያ ነው።