አዲስ ድራይቭ ከመግዛት በፊት ገመዱ ይፈተሽ

በጎንደር ከተማ የዱቄት ፋብሪካ፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የሰሊጥ ማበጠሪያ ያቋቋመ ባለሀብት አንድ ግራ የሚያጋባ ብልሽት ሊገጥመው ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛኑ የተዛባ ቁጥር ያሳያል፣ ሴንሰሩ የሌለ ነገር ይቆጥራል፣ መስመሩ ያለ ምክንያት ይቆማል። “ድራይቩ ተበላሽቷል” ይባልና በውጭ ምንዛሪ የገባ ሌላ ይገዛል። ጥፋቱ በገመድ ዝርጋታው ላይ ከሆነ ግን በአዲሱም ችግሩ ይቀጥላል።

ድራይቭ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። የመስመሩን 50 ኸርዝ ኃይል ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከለወጠ በኋላ፣ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ለሞተሩ ይልካል። ይህ መቆራረጥ በአጠገቡ ወደሚያልፉት ቀጫጭን የምልክት ገመዶች ረብሻ ያስገባል። የሞተሩ ገመድ በረዘመ ቁጥርም ይብሳል።

ፍተሻው ወጪ ከሌለው ይጀመራል።

1. ድራይቩ ኃይል እያለው ሞተሩ ብቻ ይቁም። ስሕተቱ አብሮ ከጠፋ ተጠርጣሪው ከድራይቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው መስመር ነው።

2. የመቆራረጫው ፍጥነት ዝቅ ይደረግ። ረብሻው ከቀነሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ የሞተሩ ጩኸት ግን ይጨምራል።

3. የምልክት ገመዱ ከሞተሩ ገመድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፍ።

4. የሞተሩ ገመድ የብረት መረብ የለበሰ ይሁን። መረቡ በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ከብረት አካሉ ጋር ይጥበቅ፤ የላላ የመሬት ገመድም ይታሰር።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ማጣሪያ ይገዛል። ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ድራይቩ ለደቂቃዎች ገዳይ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ ክዳኑን መክፈት ያለበት ባለሙያ ነው።

ሙቀትና ከመጠን ያለፈ ጭነት የሚያስከትሉት መቆም ግን ሌላ በሽታ ነው። ብዙ አምራቾች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ጀምሮ በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ድራይቩ በደንብ አይቀዘቅዝም። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ቅናሹ 11 በመቶ ያህል ይደርሳል። በደጋው ደባርቅ ደግሞ ይበልጣል።

ስለዚህ ገዢው ዋጋ ከመደራደሩ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማጣሪያው አብሮ አለ ወይ? እስከ ስንት ሜትር ገመድ ይፈቅዳል? በእኛ ከፍታ አቅሙ ስንት ነው? መልስ የሌለው ርካሽ ዕቃ ኋላ ብዙ ያስወጣል።