ከትኬቱ ይልቅ በመሬቱ የከበረ ባቡር

የባቡር ድርጅት የሚያተርፈው ከተሳፋሪ ኪስ ይመስላል። ሎስ አንጀለስን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያገናኝ የነበረው የአሜሪካው «ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ» የባቡር ኩባንያ ሂሳብ ግን ሌላ ነበር።

ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን ዋናው ባለሀብት ሚስተር ሄንሪ ሀንቲንግተን ነበሩ። በ1902 በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ሎንግ ቢች ደረሰ። ሀንቲንግተን ከባቡሩ ጎን የመሬት ኩባንያ ነበራቸው። የእርሻ መሬት በርካሽ ይገዛል፤ ሐዲዱ ሲደርስ ዋጋው ይንራል፤ ከዚያ ተሸንሽኖ ለቤት ሠሪ ይሸጣል። በዚያው በ1902 የተቋቋመው የኤሌክትሪክ ኩባንያቸው ደግሞ ለባቡሩም ለቤቶቹም ኃይል ያቀርባል። አንዱ ሰው ቦታ ይገዛል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ የመብራት ይከፍላል። አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው!

ችግሩ መሬት የሚሸጠው አንድ ጊዜ ሲሆን ባቡር ግን በየቀኑ መሮጡ ነው። ሀንቲንግተን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በ1910 ድርሻቸውን ለ«ሳውዘርን ፓሲፊክ» ለቀው፣ የከተማውን ትራምና መሬታቸውን ይዘው ቀሩ። ጊዜ አመራረጣቸው የሚያስቀና ነው።

በ1920ዎቹ አጋማሽ የሐዲዱ ርዝመት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ጭነቱ ገቢ ሲያስገኝ የተሳፋሪው አገልግሎት በአብዛኞቹ ዓመታት ከስሯል። ባቡሩ ከአውቶሞቢል ጋር በአንድ ጎዳና እየተጋፋ ዘገየ፤ ታሪፍ ለመጨመርም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚንና ጎማ በራሽን ሲታደል ባቡሩ እንደገና ሞላ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ተሳፋሪው ወደ መኪናው ተመለሰ።

ባቡሩን የገደሉት የመኪናና የጎማ አምራቾች ናቸው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይሰማል። እነዚህ አምራቾች ገንዘብ ያዋጡበት ድርጅት በ1945 የገዛው ግን የከተማውን ትራም እንጂ «ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ»ን አይደለም።

የተሳፋሪው አገልግሎት በ1953 ለአውቶቡስ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ1958 የሕዝብ ድርጅት ተረከበው። የሎንግ ቢች መስመር የሁሉም መጨረሻ ሆኖ በኤፕሪል 9 ቀን 1961 ቆመ። በ1990 በአብዛኛው በዚያው አሮጌ መስመር ላይ አዲስ ቀላል ባቡር ተከፈተ። በዚህ ጊዜ በሐዲዱ ዳር የሚሸነሸን ባዶ መሬት አልነበረም፤ ለግንባታው ገንዘብ የተገኘው መራጩ ሕዝብ በ1980 ካጸደቀው የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ነው።