በጠረፍ የሚያልፍ ዕቃና የመሥሪያ ቤቶች መተባበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጣርማ በር ይደርሳል። ከገደሉ በታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል፤ በደጋው በኩል ደግሞ ወደ መዘዞና ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። መዘዞ በገብሷ፣ በባቄላዋና በበጓ የምትኖር የደጋ ከተማ ናት። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህም በአካባቢው ሸንተረሮች የሚገኘው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ስሟን በውጭ ገበያ አስጠርቶታል። ከተማይቱ ባሕር የላትም፤ ጠረፍም አያዋስናትም። ይሁን እንጂ ባለሱቁ የሚሸጠው ምስማር፣ ዘይት፣ የመኪና መለዋወጫና ባትሪ አብዛኛው ጠረፍ ተሻግሮ የመጣ ነው። ስለሆነም በጎረቤት አገሮች መካከል የሚደረግ የመጓጓዣ ዕቅድ የሚኒስቴሮች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ቢኖር የራሱን የሒሳብ መዝገብ በጥንቃቄ ያልተመለከተ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ኮንቴይነር ምስማር ጂቡቲ ወደብ ደረሰ እንበል። ይህ ዕቃ መዘዞ ካለው ሱቅ እስኪገባ ድረስ የመርከብ ወኪሉ፣ የወደቡ አስተዳደር፣ የጂቡቲ ጉምሩክ፣ ዕቃ አስተላላፊው፣ ባለመኪናው፣ የኢትዮጵያ ጉምሩክ፣ የመንገድ ሚዛን ጣቢያው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ጥራት መርማሪው መሥሪያ ቤት፣ ባንኩና ኢንሹራንሱ ሁሉ እጃቸውን ያስገቡበታል። እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ያለ ነቀፋ ሊሠሩ ይችላሉ። ነገር ግን የአንዱ ሥራ መጨረሻ ከሌላው ሥራ መጀመሪያ ጋር ካልተገጠመ ዕቃው በመካከል ይቆማል። የቆመ ዕቃ ደግሞ በሦስት አፍ ይበላል፤ ወደቡ ስለ ቦታው፣ የመርከብ ኩባንያው ስለ ኮንቴይነሩ፣ ባለመኪናው ስለ ቆመው መኪናው ያስከፍላሉ። ይህ ሁሉ ከተደመረ በኋላ የሚከፍለው መዘዞ ገበያ ወጥቶ አንድ ኪሎ ምስማር የሚገዛው ገበሬ ነው።

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ከነበረው ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በዚያ ዘመን የሸዋና የባሕሩ ንግድ መገናኛ ነበር። ከተጁራ የሚነሣው ቅፍለት የአዳልን በረሃ በግመል አቋርጦ ወደ ሸዋ ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ይወስድበት ነበር። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣው ዕቃው ከደጋው ግርጌ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይጫናል። እንግዲህ ዛሬ ከመርከብ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲዛወር የሚታየው ድካም ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው። የግመሉ ባለቤት አንድ፣ የአህያው ባለቤት ሌላ፤ በመካከላቸውም ቀረጥ ተቀባዩ ቆሟል።

በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ሮሼ ዴሪኩር ከሚባለው ፈረንሳዊ ጋር ተመሳሳይ ውል ተፈረመ። የሁለቱም ውሎች ቃል ያማረ ነበር፤ የተከተለው ንግድ ግን ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው። ውሉን የፈረሙት በመንገዱ ሁለት ጫፎች የቆሙት ሲሆኑ የተጁራ ሱልጣንና በመካከል ያለውን ውኃና ግጦሽ የያዙት የአፋር አለቆች በውሉ ውስጥ አልነበሩም። መንገዱን የሚጠብቀው፣ ግመሉን የሚያከራየውና የውኃውን ጉድጓድ የሚያውቀው ሰው ያልገባበት ስምምነት አንኮበር ላይ በክብር ተቀመጠ እንጂ አንድም ግመል አላፈጠነም። ዛሬም ሁለት መንግሥታት በዋና ከተማ ሲፈራረሙ በመካከል ያሉት የክልል መስተዳድሮች፣ የባለመኪናዎች ማኅበራትና የዕቃ አስተላላፊዎች ካልተጠየቁ የሚሆነው ከዚህ እጅግ የተለየ አይደለም።

የምድር ባቡሩ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ፍሬ አፍርቶ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የንግዱ ዋና ጎዳና ወደ ሐዲዱ ሲዞር የአልዩ አምባ ገበያ የቀድሞ ማዕርጉን አጣ። ባቡሩ የረዘመ ዘመኑን በፈረንሣይ ኩባንያ እጅ ሲሠራ ቆይቶ በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኢትዮጵያ እኩል ባለድርሻ ሆነች። ከዚያ በኋላ በመቶ ዓመቱ ገደማ አዲሱ ሐዲድ ተተካ፤ 752 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ለንግድ አገልግሎት ተከፈተ። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ እንዲዘረጋ በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው መስመርም በዚሁ ስፋት ታቀደ። መስመሩ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጉዳት ቢደርስበትም የልኩ አንድ መሆን ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ልኩ ቢለያይ ኖሮ አዋሽ ላይ ዕቃን ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ማገላበጥ የግድ ይሆን ነበር። መሥሪያ ቤቶች ብረት ከመዘርጋታቸው በፊት በአንድ ልክ መስማማታቸው ነጋዴው ሳያየው የሚጠቀምበት ትብብር ነው።

የጣርማ በር ከተሞችም የዕቅድ ለውጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል። የአሰብ ካሚዮኖች በኮምቦልቻና በጣርማ በር በኩል ይመላለሱ በነበረበት ዘመን የደብረ ሲና ሻይ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፉም ነበር ይባላል። በአዋሽና በሚሌ በኩል ያለው የቆላ መንገድ ሲከፈት ግን ከባዱ ጭነት ዳገቱን ትቶ ወደዚያ ወረደ። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ አሰብ ራሱ ቀረና የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጂቡቲ ዞረ። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች የወደብ አጠቃቀምና የትራንዚት ስምምነት አደረጉ። ወደብ የሌላቸውን አገሮች መብት የሚናገረው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሲጻፍ ኢትዮጵያ አሰብንና ምጽዋን ይዛ ነበርና ያን ጊዜ ይህ ወረቀት አንድ ቀን ለእርሷም እንደሚያስፈልግ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረ ይሆናል።

ታዲያ መተባበር ማለት በተግባር ምንድን ነው? ከየካቲት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጫ ስምምነት በስምንተኛው አንቀጽ ይህን ይዘረዝራል። ጎረቤት አገሮች በጠረፋቸው ላይ የሥራ ቀንና ሰዓታቸውን እንዲያስማሙ፣ የወረቀት ሥርዓታቸውን እንዲያቀራርቡ፣ መጋዘንና ሚዛንን በጋራ እንዲጠቀሙ፣ ፍተሻውን አብረው እንዲያደርጉ፣ ከተቻለም በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ የጋራ ኬላ እንዲያቆሙ ይመክራል። በአፍሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ኬላ ዛምቢያና ዚምባብዌ በሚዋሰኑበት በቺሩንዱ በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ኢትዮጵያና ኬንያም ሞያሌ ላይ ያሠሩትን የጋራ ኬላ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. መረቁ። በእንዲህ ያለው ኬላ መኪናው የሚቆመው አንድ ጊዜ ነው፤ የመውጫውና የመግቢያው ሹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ዕቃ አብረው ያያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ቀላል የሚመስለውና ብዙ የሚያስከፍለው የሥራ ቀን ነው። በጂቡቲ ዐርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ በኢትዮጵያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ሐሙስ ማታ አንድ ፊርማ የጎደለው ወረቀት ዐርብ ጂቡቲ መልስ የሚሰጥ አያገኝም፤ ቅዳሜ ቀትር ካለፈም አዲስ አበባ ያለው ጽሕፈት ቤት ተዘግቷል። አንድ ፊርማ ሦስት ቀን ፈጀ ማለት ነው። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ይጨመራል። የመርከብ ኩባንያው ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ቀን የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ጸሐፊው በኢትዮጵያ ቀን መዝግቦ ሲያሰላ በአንድ ቀን ቢሳሳት ቅጣቱ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ በአስመጪ ቤት ውስጥ ያለ ማናቸውም መዝገብ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን መያዝ ይገባዋል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት ያስፈልገዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳስረዳው መኪና በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአክሰሉ ላይ እንዳረፈው ክብደት እኩል አያድግም፤ ክብደቱ በራሱ አራት ጊዜ እንደ ተባዛ ያህል ያድጋል። አንድ አክሰል 10 ቶን መሸከም ሲገባው 12 ቶን ቢጫን ክብደቱ በአምስተኛ እጅ ብቻ ጨመረ፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። እንግዲህ በአንደኛው አገር የተፈቀደ ጭነት በሁለተኛው አገር ከተከለከለ ወይ ዕቃው ጠረፍ ላይ ይራገፋል፤ ወይ ሚዛኑ እያየ እንዳላየ ይሆንና መንገዱ ይፈርሳል። ዋናው አውራ ጎዳና በፌዴራሉ መንግሥት፣ ከእርሱ የሚገነጠሉት ብዙዎቹ መንገዶች ደግሞ በክልሉ እጅ ስለሆኑ ዕቅዱ እስከዚያ ድረስ ካልወረደ የጂቡቲው ጭነት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ይሰናከላል።

ከፍታም እንደ ክብደት ይታሰብ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ የተሠራውም በዚያ ዘመን ለነበሩት ካሚዮኖች ነው። የተለመደው ኮንቴይነር 2.59 ሜትር ከፍታ ሲኖረው ረጅሙ ዓይነት 2.90 ሜትር ይሆናል። በተሳቢ ላይ ሲቀመጥ የተሳቢው ቁመት ይጨመርበታል። ኮንቴይነሩን የመረጠው ሻንጋይ ያለ ላኪ ነው፤ መኪናውን የመረጠው ጂቡቲ ያለ ወኪል፤ ዋሻውን የሚያውቀው ግን ሾፌሩ ብቻ ነው። ዕቃው በሸዋ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ ከሆነ አስመጪው ይህን ግዢውን ሲያዝዝ ቢያመለክት ይሻለዋል።

መዘዞ በሁለት ደረቅ ወደቦች መካከል መሆኗም ማሰብን ይጠይቃል። ኮንቴይነሩ ሞጆ ከገባ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ዞሮ ይመጣል፤ ኮምቦልቻ ከገባ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል ዳገቱን ይወጣል። የኮምቦልቻው መንገድ ለመዘዞ አጠር ይላል፤ ሆኖም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ይኸው መንገድ ተዘግቶ ነበር። መድረሻው የሚወሰነው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ሲጻፍ ስለሆነ ዕቃው ባሕር ላይ ከወጣ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ገንዘብና ጊዜ ያስወጣል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመልቲሞዳል አሠራር አንድ ድርጅት ዕቃውን ከውጭ ወደብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ ያመጣዋል። ይህ የነጋዴውን ደጅ ጥናት ቀንሶለታል፤ ነገር ግን ከደረቅ ወደቡ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ አሁንም የነጋዴው ዕዳ ነው።

ትብብሩ የሠመረበት ቦታ መኖሩንም መናገር ተገቢ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው የመኪና ኢንሹራንስ ሾፌሩ በአገሩ ከገዛው በኋላ በሌሎቹ ተሳታፊ አገሮች ይጸናለታል፤ በየጠረፉ ሌላ ኢንሹራንስ መግዛት አያስፈልገውም። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአንድ መስኮት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎትም ነጋዴው ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ያቀርበው የነበረውን ማመልከቻ በአንድ በር እንዲያስገባ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የንግድ ምክር ቤቶች ሥፍራ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋሙት እነዚህ ምክር ቤቶች የአባሎቻቸውን ጉዳይ ለመንግሥት ማቅረብ ይችላሉ። ችግሩ የሚቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ «ዕቃችን ዘገየ» ከማለት የማያልፍ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን አቤቱታ የተቀበለ ሹም ወደ ጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ይጠቁማል፤ ያም መልሶ ወደ እርሱ ይጠቁማል። ስለዚህ እያንዳንዱ አስመጪና ላኪ ለየጭነቱ አንድ ገጽ ይክፈት። መርከቡ የደረሰበትን ቀን፣ ወረቀቱ ለማን ገብቶ መቼ እንደ ተመለሰ፣ መኪናው የት ቦታ ስንት ሰዓት እንደ ቆመ፣ በየቦታው የተከፈለውን ገንዘብ ከነደረሰኙ ይመዝግብ። የሃያ ነጋዴዎች ገጽ አንድ ላይ ሲቀመጥ ዕቃው የሚቆምበት ቦታ በራሱ ይታያል፤ ወረቀቱ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ የትኛው ሳይገባ እንደ ቀረም ይታወቃል። ባለሱቁም ከአከፋፋዩ ደረሰኝ ሲቀበል የመጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ምክር ቤቱ በተራው ይህን መዝገብ በየሦስት ወሩ አጠቃሎ ለጉምሩክ ኮሚሽን፣ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና ለክልሉ መንገድ ቢሮ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቅጂ ቢልክ ማንኛቸውም ጉዳዩ የሌላው ነው ብለው ለመመለስ አይመቻቸውም።