ገበያውን እናንብበው፦ ከመርካቶ እስከ ጋይንት

ነገ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ብንመደብ ትልቁን የማስተማሪያ መሣሪያ ከክፍሉ ውጭ እናገኘዋለን፤ እሱም ገበያው ነው። አነባበቡን ለመልመድ ለዛሬ የአዲስ አበባን መርካቶ እንይ።

መርካቶ የዛሬውን ቦታና ስም ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ቀድሞ ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል ነበር። ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአውሮፓውያኑ ለይቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ገበያው ዛሬም ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ በየሸቀጡ ይጠራል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ማነው?

1ኛ/ ተሸካሚው። ከመኪና ያወርዳል፣ ወደ መጋዘን ያስገባል። የሚከፈለው በሸክሙ ልክ ነው፤ ታሞ ከተኛ የዚያ ቀን እንጀራ ቀረ ማለት ነው።

2ኛ/ ቆራሌው። በየሰፈሩ እየተጣራ ያረጀ ብረት፣ ጣሳና ጠርሙስ ይገዛል፤ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወደ ገበያው ይመለሳል።

3ኛ/ የምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ። ከበርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከጣሳ ኩራዝ ያወጣል።

4ኛ/ የጉልት ቸርቻሪዋ። ሽንኩርቱን በመደብ ደርድራ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ትውላለች። ዛሬ የሸጠችው የነገ መግዣዋም የማታ እራቷም ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ አንዲት የተጣለች ጣሳ ኩራዝ ሆና ገጠር እስክትገባ ስንት እጅ አለፈች? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች ተቃጠሉ። የሱቁ ዕቃ በብር ይገመታል። በዚያ ሱቅ ደጃፍ ሸክም ይጠብቅ የነበረው ሰው ያጣውን የሥራ ቀንስ ማን ይገምትለታል?

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ምናችን ነው አንበል። በገበያ ቀን ከክፍል የሚቀረው ልጅ ጨዋታ አምሮት ላይሆን ይችላል፤ ለደብተር መግዣ እንጨት ወይም እንቁላል ይዞ ወርዶ ይሆናል። «ለምን ቀረህ?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት «ምን ይዘህ ሄድክ? ስንት ሸጥክ?» እንበለው። መልሱ ራሱ የሒሳብ ትምህርት ነው። ያመለጠውንም በማግሥቱ እናካክስለት። በዱላ የተቀበልነው ልጅ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ጭራሹን ላይመጣ ይችላል።

መልመጃ

ሀ) ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 1 ኩንታል (100 ኪሎ) የተሸከመ ሰው ስንት ፈረሱላ ተሸከመ? (ወደ 6 የሚጠጋ።)

ለ) በአቅራቢያችን ባለው ገበያ አንድ ዕቃ እንምረጥ፤ ከየት ተነሥቶ በማን ትከሻ እንደመጣ ጠይቀን እንጻፍ።

ሐ) ልጆች በገበያ ቀን የሚሠሩትን ሥራ ዘርዝረን፣ ከእያንዳንዱ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እናውጣ።