ከቡሬ ወደ ግሽ ዓባይ በእግር፦ ከጓደኛው ጋር ለሚወጣ ወጣት ምክር

ልጄ ሆይ፣ ከጓደኛህ ጋር ቦርሳ አዝላችሁ፣ ከቡሬ በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ፣ እስከ ግሽ ዓባይ በእግር ልትወጡ ማሰባችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መኪና እያለ በእግር መድከም ምን ይሉታል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አገር የሚታወቀው ተረግጦ ነው። የምነግርህ ግን ብዙ ነው፤ የሁሉም ፍሬ አንድ ነው፦ በተራራ ላይ ከስንቅም ከልብስም በፊት የሚያድንህ አብሮህ ያለው ሰው ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ሁለቱ ካልተለያዩ ነው። መንገዳችሁ ተቃና የሚባለው እኩል ወጥታችሁ እኩል ስትመለሱ ብቻ ነው።

1. ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።
የት እንደምታድሩ፣ በስንተኛው ቀን እንደምትመለሱ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ አንዳችሁ ብትታመሙ ምን እንደሚደረግ ቤት ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። በተለይ ይህን ቃል ተጋቡ፦ ከሁለት አንዳችን «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን። ዳገት ላይ ክርክር ከተነሳ የሚረታው ጉልበተኛው ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ደካማው። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ቀን ለቤተሰብ ሳትናገሩ አትውጡ።

2. የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።
ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን በግጭት ያሳለፈውን አንተም ታውቀዋለህ። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከሰከላ ወርደው ቡሬ የሚገበያዩትን ሰዎች ጠይቁ፤ አንዱን ሳይሆን ሁለት ሦስቱን። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። ጉዞን ለከርሞ ማሳደር ነውር የለበትም።

3. ወራቱን ምረጡ።
የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በክረምት ወንዞቹ አይታመኑም፤ እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ የፈጣምን ወንዝ ሞልቶት ይመጣል። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና እንጨት ማውረድ ከጀመረ አትግቡበት፤ ደራሽ ነውና ቆይታችሁ ሲጎድል ተሻገሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱን ውርጭ አስቡ። ቡሬ ያለችው በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ግሽ ዓባይ ከተማ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቡሬ ላይ በሸሚዝ የምታመሹበት ምሽት እላይ ጋቢ ያስደርባል።

4. ሸክሙን ተካፈሉ።
«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ለሁለት ሰው አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ የመድኃኒት ከረጢት ይበቃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ኪሎ በላይ አይዘል። ከባዱን ዕቃ ከጀርባህ አስጠግተህ ወደ ትከሻህ ከፍ አድርገው፤ ታች ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ የሚያህል የለም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ማገዶ ብታጡም ይበላል። የጎጃም የቆሎ ተማሪዎች ዋሸራን ወደመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ሲሻገሩ የኖሩት በዚሁ ነው፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ዱላ ይዘው። አብዛኛውን ጊዜም ጓደኛ ሳይዙ አይወጡም ነበር፤ ያገኙትንም አብረው ይቀምሱ ነበር። ስንቅ ያለው ለብቻው አይብላ፤ አንዱ ቦርሳ ውስጥ ያለው የሁለታችሁ ነው።

5. ጋቢህን ከዝናብ አድን።
ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፣ ሲረጥብ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሙቀትህንም ይነጥቅሃል። ከሱፍ የተሠራ ባና ወይም ሹራብ ረጥቦም ያሞቃል። ስለዚህ ጋቢውን አጥፈህ በወፍራም ፌስታል ቋጥረው፣ ለሌሊት አቆየው፤ ቀን ሱፍ ልበስ። አንድ ደረቅ ሸሚዝና አንድ ጥንድ ካልሲም ምን ቢመጣ አይነኩም ብለህ ለመኝታ ለይ።

6. እግራችሁን ጠብቁ።
አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም፤ ቀደም ብሎ የለመደው ጫማ ይሻላል። ተረከዝህ ቀላ ብሎ መጋል ሲጀምር፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ቁም። ካልሲህን አውልቅ፣ ላቡን አድርቅ፣ ፕላስተር ለጥፍበት። ከቋጠረም አታፍርጠው። ጓደኛህ እግሩን ለማየት ሲቆም አብረህ ቁም እንጂ «ቀድሜ ልጠብቅህ» አትበለው፤ ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ያዘገየ ሲመስለው ነው።

7. ቀርፋፋው ይምራ።
ፈጣኑ ከፊት ከሆነ ሳያውቀው ይርቃል፤ አረፍ ብሎ ይጠብቅና ጓደኛው እያለከለከ ሲደርስ ብድግ ይላል። ያ ምስኪን ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። ዘገምተኛውን ከፊት ካደረጋችሁት ግን እርምጃው የሁለታችሁም ልክ ይሆናል። ዳገት ስትወጡ እያወጋችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ጭጋግ ከወረደ ደግሞ አንዱ ከሌላው ዐይን አይጥፋ፤ ለሽንትም ቢሆን ተነጋግራችሁ ዞር በሉ።

8. ጓደኛህን አስተውለህ እየው።
ብርድ የያዘው ሰው መታመሙን ራሱ አያውቀውም። አንድ ጊዜ ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ፣ ዝናብና ንፋስ ባንድ ላይ የመቱን ቀን፣ አብሮኝ የነበረው ባልንጀራዬ «ደህና ነኝ» እያለ ይሄድ ነበር። ጣቶቹ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው ነው ነገሩ የገባኝ። ወዲያው ከቋጥኝ ጥግ ገብተን እርጥቡን ልብስ አወለቅንለት፣ ደረቁን አለበስነው፣ ተቃቅፈን ተቀመጥን፣ ትኩስ ነገር በስኳር አጠጣነው። ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ከተደነቃቀፈ፣ ምላሱ ከተያያዘ አትለፈው። መንቀጥቀጡ ያለ ሙቀት ድንገት ሲቆም ደግሞ ተሻለው ብለህ አትዘናጋ፤ ባሰበት ማለት ነው። አረቄ አታጠጣው፤ አሞቀው ቢመስልም ያቀዘቅዘዋል።

ግሽን አይታችሁ ልባችሁ ወደ ጮቄ ተራራ ከተነሳ፣ ጅብራው የሚበቅልበት ያ አገር ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከ3,000 ሜትር በኋላ የዛሬ ማደሪያችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንዳችሁ ላይ ከጠና መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ አብራችሁ ውረዱ።

9. መብረቅንና ውሃን አትናቁ።
ዳገቱን በጠዋት ጨርሱ፤ ደመና የሚከማቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ ከጫፉ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ተራርቃችሁ ተቀመጡ፤ አትለያዩ ያልኩት በዚህ ሰዓት ብቻ ይሻራል። የምትጠጡትን ውሃ አፍሉ። በደጋ ውሃ ቶሎ የሚፈላው ሳይግል ነውና ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

10. የሰው አገር ሥርዓት አክብሩ።
አዝመራ አትርገጡ፤ መንገዱ ቢረዝምም በወሰኑ ዙሩ። ከቤት ደጃፍ ሳትደርሱ ከሩቅ ቁማችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ ውሻውን ባለቤቱ ይያዝላችሁ እንጂ አትሩጡ። ከመሸባችሁ «የመሸብን መንገደኞች ነን፣ አሳድሩን» ብላችሁ ጠይቁ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ያስገቧችኋል፤ እግራችሁንም ሊያጥቧችሁ ይነሱ ይሆናል። ከየት እንደመጣችሁና የማን ልጆች እንደሆናችሁ ሲጠይቁ በደንብ መልሱ፤ እንግዳን የሚያምኑት በዚያ ነው። ሲለያዩ ብር መዘርጋት ያስቀይማል፤ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱና ለእናትየው ስጡ። ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ስንቅ ፊታቸው አትፍቱ።

11. ግሽ ስትደርሱ ጸበል ላይ መድረሳችሁን አትርሱ።
የዓባይ ምንጭ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቦታ ነው። ጻድቁ ለውሃው አደራ የሰጧቸው መጻሕፍት ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው ይነገራል፤ ጥር 13 ቀን በዓላቸው ሲከበር ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በጠዋት፣ እህል ሳትቀምሱ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ቅረቡ። ፎቶ ለማንሳት ካህናቱን አስፈቅዱ። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ በዚያ ስፍራ ላስቲክና ጠርሙስ ጥላችሁ አትሂዱ።

12. ስትመለስ ጓደኛህን ከወሬህ አታውጣው።
ምሳሌ ልንገርህ፦ በፈረንጆች አቆጣጠር ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው በኅዳር 1770 ነው። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶታል፤ ያገሬው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት እዚያው ይኖር ነበር። ብሩስ ብቻውን አልነበረም፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ዳገቱን ወጥቷል። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ጓደኛው ከዚያ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ፤ ክብሩን ለብቻው ሊያደርገው። አብሮ የወጣን ሰው ከታሪክ መሰረዝ ተራራ ላይ ጥሎ ከመሄድ አይተናነስም።

አንተ ግን ስትመለስ «ወጣሁ» ሳትል «ወጣን» በል። ውሃውን ማን እንደቀዳ፣ ማን እንደደገፈህ፣ «እንመለስ» ያለውም ማን እንደነበር ስሙን ጠርተህ ተናገርለት፤ ሌላ ጉዞ ሲታሰብ ያ ሰው ሳይጠራጠር ካንተ ጋር ይነሳል። መንገዱን ያቅናላችሁ፣ ሁለታችሁንም በሰላም ያግባችሁ።